የደላላው ደንበኛ ማን ናት?

ከቆቦ እስከ ባቲ ባሉ የወሎ ቀበሌዎች ስለ ሳዑዲ መንገድ ሲወራ የሚወቀሰው ልጁ ነው፤ ልቡ ሸፈተ፣ እኩዮቹን ሰማ፣ ማን ያቆመዋል ይባላል። የልጁ ኪስ ግን ባዶ ነው። ከፋይዋ እናቱ ናት፤ ደላላውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በየመንደሩ እንደ እውነት የተያዙት አባባሎች አብዛኞቹ ለእሷ ጆሮ የተሰናዱ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው «በነጻ ነው» የሚለው ነው። «እታለም፣ አንድ ብር አታወጭም፤ ደርሶ ሠርቶ ይከፍላል» ትባላለች። ዕዳው ግን የትም አልሄደም፤ መያዣው ልጁ ሆነ እንጂ። ተጓዡ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ ይገባል፤ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራል። በዚያኛው ጠረፍ፣ ራስ አል ዓራ አካባቢ፣ አጋቾች ይጠብቁታል። ሂውማን ራይትስ ዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ባወጣው ዘገባ፣ ስደተኞች በግቢ ተዘግተው እንደሚሠቃዩና ከቤተሰባቸው ማስለቀቂያ እንደሚጠየቅባቸው አስነብቧል።

መንደር ላይ ነገሩ የሚጀምረው ከማይታወቅ ቁጥር በሚመጣ ጥሪ ነው። ልጁ «እማ» ከማለቱ ስልኩን ይነጥቁትና መጠኑንና ቀኑን ይነግሯታል። በማግስቱ በሬው ገበያ ይወጣል። እናትየዋ መቸኮሏን ነጋዴው ስለሰማ ዋጋውን ይሰብርባታል። ዕቁቡን ቀድማ እንድትወስድ ዳኛውን ትለምናለች። ያም ካልበቃ መሬቱ ለዓመታት በኮንትራት ይሰጣል፤ የተቀበለችው ብር በሳምንት ያልቃል፣ መሬቱ ግን ቶሎ አይመለስም። ከከፈለች በኋላ እንኳ አንዱ አጋች ለሌላው አሳልፎ ሊሸጠው ይችላል። በነጻ የተባለው መንገድ ከፍለው ከሄዱበት በላይ የሚያስወጣው በዚህ ነው።

«ደላላ የሩቅ ሌባ ነው» የሚለውም እንዲሁ ስህተት ነው። የመንደሩ ደላላ ብዙ ጊዜ የዕድር አባል፣ የዘመድ ዘመድ ወይም ራሱ ከሳዑዲ የተመለሰ ጎረምሳ ነው፤ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሰርግ ይጠራል። የሚታመነውም፣ የማይከሰሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጉዳት ሲደርስ ሽማግሌ ይገባና ጥቂት ብር ተመልሶ ነገሩ በእርቅ ያልቃል። እኔ በሽምግልና አምናለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ሽምግልናው ለቀጣዩ ጉዞ መንገድ ይጠርጋል። «ብከስ ልጄም ይታሰራል» የሚል ፍርሃትም አለ። በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ማሻገርን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያነጣጥረው ነጋዴውና አሻጋሪው ላይ ነው፤ ተጎጂውን በመጎዳቱ አይቀጣውም።

ስለ ቆርቆሮ ቤቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የተሳካለት ልጅ ያሠራው ቤት ከመንገድ ዳር ይታያል፤ ባዶ እጁን የተመለሰው አይታይም። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባረው ተመልሰዋል። ከእነዚህ ስንቱ የሰው ብር እንዳለበት ቆርቆሮው አይናገርም።

«በሕጋዊ መንገድ መሄድ የሀብታም ነው» ይባላል። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ግን የቪዛውን፣ የአውሮፕላን ትኬቱንና የሥራ ፈቃዱን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው፤ ሠራተኛው የሚያወጣው እንደ ፓስፖርትና ጤና ምርመራ ላሉት ነው። 18 ዓመት መሙላትም ግድ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ መንገድ በአብዛኛው ለቤት ሠራተኛ ሴቶች የተከፈተ ነው፤ የገጠር ወንድ ልጅ «ለእኔ አይደለም» ቢል አይፈረድበትም። ደላላው ያገኘው ቀዳዳም ይኸው ነው።

የመጨረሻው አባባል እናቶችን ለዓመታት አስሮ የሚያኖረው ነው፤ «ካልደወለ እስር ቤት ነው፣ መርዶ እስካልመጣ አለ።» ሊሆን ይችላል። ግን በመንገድ ላይ የሚሞት ሰው ብዙ ጊዜ መታወቂያም ስልክም አይገኝበትም። በሌላው፣ በደቡቡ የስደት መንገድ፣ በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተብሏል። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር በደቡቡም በሰሜኑም ልጇ የጠፋባት እናት «የእኔ ይሆን?» ትላለች። ለቅሶ እንዳትቀመጥ ሬሳ የለም፤ እንዳትተወው ልጅ ነው። ይህች እናት ለሁለተኛ ጊዜ ገበያ ትሆናለች፦ ጠንቋዩ «ይታየኛል» ይላታል፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ደውሎ «ልጅሽን እስር ቤት አይቼዋለሁ፣ ይህን ያህል ላኪ» ይላታል።

ለዚህ ገንዘብ የማይጠይቅ በር አለ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን በነጻ ያፈላልጋል። የልጁን ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ ዕድሜውን፣ መቼና በየት በኩል እንደወጣ፣ መጨረሻ የደወለበትን ቦታ፣ ፎቶ ካለም ይዞ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ መሄድ ነው። ፍለጋው ይረዝማል፤ መልስ ላይገኝም ይችላል። እስከዚያው ደዋዩ ብር ሲጠይቅ፣ የቤቱ ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነገር ልጁን አስጠይቆ መልሱን ሳይሰሙ አንድ ሳንቲም አለመላክ ነው።