አለቃ ለሌለው ሰው ደመወዝ ማን ይከፍለዋል?

የወር ደመወዝተኛ የወሩን መጨረሻ ይናፍቃል፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ግን ይፈራዋል። ልዩነቱ የገንዘቡ ብዛት አይደለም። እንዲያውም አንዳንዴ የግል ሠራተኛው ደመወዝተኛው በወር የሚያገኘውን በአንድ ጥሩ ሳምንት ይዞ ይገባል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት ናቸው! አከራይ ደግሞ «ዘንድሮ ሥራ ቀዝቅዟል» የሚል ወሬ አይሰማም።

እኔ ብቻዬን የምሠራ የኮምፒውተርና የፕሪንተር ጠጋኝ ነኝ። ሱቅ የለኝም፤ ሱቄ ቦርሳዬና ስልኬ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የማወጋችሁ ኪሴ ያስተማረኝን ነው። እናንተም ፀጉር ሠሪ ሁኑ፣ አስጠኚ፣ ፎቶ አንሺ፣ ልብስ ሰፊ ወይም ኬክ ጋጋሪ፣ ጥያቄያችን አንድ ነው። ደንበኛ ዛሬ መጣ፤ ነገስ?

«ልጁ በወር ስንት ያገኛል?»

አንድ ሠርግ የሚያነሳ ጓደኛ አለኝ። ጥር ላይ ብታዩት ሚኒስትር ይመስላል። ስልኩ አይዘጋም፣ ቅዳሜና እሑድ በሁለት ካሜራ ይሮጣል። ከፋሲካ በኋላም እንደዚያው። በመካከሉ ግን ዐቢይ ጾም አለ፤ 55 ቀን ሙሉ ድንኳንም የለ፣ ሙሽራም የለ። ከዚያ ክረምቱ ከነዝናቡ ይመጣል። ታዲያ ጓደኛዬ በጥር የገዛውን ሌንስ በመጋቢት ይሸጠዋል። በግንቦት መልሶ ሊገዛው ሲሄድ ዋጋው ጨምሮ ይጠብቀዋል።

አንድ ዓመት ነገሩ ከሌንስ አለፈ። የሚወዳትን ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። አባቷ ሽማግሌዎቹን በደንብ አስተናግደው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ልጁ በወር ስንት ያገኛል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንደየወሩ ነው» አሉ።

«እንግዲያው ልጄም እንደየወሩ ትብላ ነው የምትሉኝ?» አሉ አባት። ቀጠሮው ተራዘመ።

በሽማግሌው አነጋገር መሳቅ ይቻላል። የአባትየው ጥያቄ ግን ትክክል ነው። ጥሩ አንሺ ነው ወይ አላሉም፤ በአንድ ሠርግ ስንት ያስከፍላል አላሉም። በወር ነው ያሉት። ኑሮ የሚከፈለው በወር ነውና።

መጀመሪያ ወለሉን ቁጠሩ

ብዙዎቻችን ሥራ ስንጀምር «ብዙ ብር ማግኘት አለብኝ» እንላለን። ብዙ ማለት ስንት ነው? እኔ የምመክራችሁ በተቃራኒው ከትንሹ እንድትነሱ ነው። አንድን ወር ሳትበደሩና ዕቃ ሳትሸጡ ለመውጣት የሚበቃችሁ ትንሹ ብር ስንት ነው? ይህን እኔ «ወለል» እለዋለሁ።

ኪራዩን፣ ምግቡን፣ ታክሲውን፣ የስልኩን፣ ለቤተሰብ የምትልኩትን፣ ዕቁብና ዕድሩን ጻፉ። በዓመት አንዴ የሚመጡትንም አትርሱ። ግብር፣ የንግድ ፈቃድ እድሳትና የበዓል ወጪ ተደምረው ለ12 ይካፈሉና በየወሩ ላይ ይታከሉ። ጳጉሜንም እንዳትንቋት! አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴም ስድስት ቀን ናት። ገቢ ባይኖራትም ሆድ በጳጉሜም ይበላል፤ ከጀርባዋ ደግሞ የእንቁጣጣሽ ዶሮ ቆሟል።

ለምሳሌ ወለላችሁ 24,000 ብር ወጣ እንበል። በወር 3,000 ብር የሚከፍሏችሁ 8 ቋሚ ደንበኞች ቢኖሩ ወለሉ ተሸፈነ ማለት ነው። እያንዳንዳቸው ጋ በወር ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ቀን ብትውሉ የሚሄድባችሁ 8 ቀን ነው። እሑድን ብታርፉ እንኳ ወሩ 26 ያህል የሥራ ቀን አለው፤ 18 ያህሉ በእጃችሁ ይቀራል። በእነዚህ ቀናት በዕድል የሚመጣውን ሥራ ሥሩ። ከዚያ የሚገኘው ለዕቃ፣ ለቁጠባ፣ ለመዝናናትም ይሁን። የቤት ኪራይ ግን በዕድል አይከፈልም።

በነገራችን ላይ ዕቁብ ገቢ አይደለም። ዕጣ የወጣለት ሰው ሲጨፍር አያለሁ፤ የመጣው ግን የገዛ ገንዘቡ ነው፣ ዞሮ። ዕቁብ ካሜራ ወይም የልብስ ስፌት ማሽን ለመግዛት ግሩም ነው። ወለል ለመሙላት ግን ከራሳችሁ ተበድራችሁ ለራሳችሁ መክፈል ይሆናል።

ሰው ሳይሞት የሚከፈል ዕድር

«ዕቃው ሳይበላሽበት በየወሩ የሚከፍል ሞኝ ከየት ይመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። እንዴ! እኛ እኮ ሰው ሳይሞትብን በየወሩ ለዕድር የምንከፍል ሕዝብ ነን።

ይህን ለአንዲት የመዋዕለ ሕፃናት ባለቤት ነግሬያቸው አውቃለሁ። ፕሪንተራቸውን በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ጠግኜላቸው ነበርና በወር እየመጣሁ ልይልዎት አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ማሽኑ ደህና ሲሠራ መጥተህ ምን ልትነካካብኝ ነው?»

«እትዬ፣ ሰው ባልሞተበት ወር ለዕድር ለምን ይከፍላሉ?»

«በችግሬ ቀን ድንኳኑ እንዲተከልልኝ ነዋ!»

«የእኔም ድንኳን ነው» አልኳቸው። ሳቁ፤ ተስማማንም።

እኚህ እናት የሚከፍሉኝ ለጥገና አይደለም። ሰኔ ላይ የልጆቹ ሰርተፊኬት በሚታተምበት ቀን ማሽኑ እንዳይቆም ነው የሚከፍሉት። እኔም በየጉብኝቱ አቧራውን አወጣለሁ፣ ወረቀት የሚስበውን ጎማ አጸዳለሁ፣ ቶነሩ ስንት እንደቀረው አያለሁ፣ ቫይረስ አጠራለሁ፣ ዋና ዋናውን ፋይል በሌላ ሃርድ ዲስክ እገለብጣለሁ። ደንበኛ በየወሩ የሚገዛው የልብ ማረፍ ነው፤ ይህን የገባው ሰው ሙያው ምንም ይሁን የሚሸጠው አያጣም።

አንዲት የማውቃት ፀጉር ሠሪ ማክሰኞና ረቡዕ ወንበሯ ባዶ ይሆን ነበር። ለመሥሪያ ቤት ሴቶች በእነዚሁ ቀናት ብቻ የሚሠራ፣ በወር አራት ጊዜ የሚያስገባ ካርድ አወጣች፤ ክፍያው ቅድሚያ፣ ዋጋው ከቅዳሜው ትንሽ ቅናሽ። አሁን የኪራይዋን ብር የምታየው ወሩ ሲጀምር ነው። አንድ አስጠኚ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ባዶ እንዳይሆኑበት ከወላጆች ጋር ስለ ክረምቱ ትምህርት የሚነጋገረው ገና በግንቦት ነው፤ ልጁ ፈተና ሳይጨርስ፣ ቤተሰብም ወደ ገጠር ሳይበተን።

ያ ፎቶ አንሺ ጓደኛዬስ? ዕቃቸውን በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጡ የልብስና የጫማ ሱቆች አዲስ ዕቃ ባስገቡ ቁጥር ፎቶ ይፈልጋሉ። ጾም የለው፣ ክረምት የለው። በሁለት ሳምንት አንዴ እየሄደ ሊያነሳላቸው ከአምስት ሱቆች ጋር በወር ተዋዋለ። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ሲሄዱ «ከአምስት ሱቅ በየወሩ ይህን ያህል አለው፤ የሠርጉ ከዚያ በላይ ነው» ብለው በቁጥር ተናገሩ። አባትየውም «ይህን ቀድሞ አትነግሩኝም ነበር?» አሉ። በግንቦት ተጋቡ። ፎቶውን ሌላ ሰው ነው ያነሳው፤ እሱ ግን ቆሞ ሲያርመው ዋለ!

ደንበኛው ማን ነው? ምን ተባለ?

የወር ደንበኛ ለማግኘት መንገድ ላይ የማታውቁትን ሰው አታሳዱ። ሁለት ጊዜ የጠራችሁ ሰው በስልካችሁ ውስጥ አለ። አንዴ የጠራ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቴ የጠራ ግን ይፈልጋችኋል። ሥራውን አጠናቅቃችሁ ደስ ባለው ሰዓት «በየወሩ ልምጣልዎት?» በሉት።

እሺ ካለ በቃል አትለያዩ። ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ምን ትሠራላችሁ? በወር ስንት ጊዜ? ምንስ አይጨምርም? ክፍያው በወሩ እስከ ስንት ቀን ነው? ማቋረጥ የፈለገ ወገን ከስንት ቀን በፊት ይናገራል? ዋጋው መቼ እንደገና ይታያል? እኔ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት፣ የ30 ቀን ማስታወቂያ፣ በየስድስት ወሩ የዋጋ ንግግር ብዬ ነው የምጽፈው።

«ምን አይጨምርም» የሚለው ቀልድ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር ብዙ ወረደ፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃም ተወደደ። የእጅ ዋጋውንና መለዋወጫውን ደባልቆ በአንድ ዋጋ የተዋዋለ ጠጋኝ ቶነሩን ከኪሱ መሙላት ነው ዕጣው። ስለዚህ የእጅ ዋጋ ለብቻው፣ ዕቃ በገበያው ቀን ዋጋ ለብቻው ይጻፍ። ለልብስ ሰፊም ጨርቁ፣ ለኬክ ጋጋሪም ቅቤውና እንቁላሉ እንዲሁ ነው።

ድርጅት ደግሞ ደረሰኝ ይጠይቃል። ያለ ፈቃድና ያለ ግብር ከፋይ ቁጥር የወር ውል የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አትጠብቁ። የንግድ ፈቃድ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል፤ በመጨረሻው ሰዓት ሰልፍ ላይ ከመገናኘት በጊዜ መጨረስ ይሻላል።

ይሉኝታ የሚበላው ብር

የእኛ ሀገር ብቸኛ ሠራተኛ ትልቁ ጠላት ውድድር አይመስለኝም፤ ይሉኝታ ነው። ሥራውን ሠርተን «ምን ይሉኝ» ብለን ገንዘባችንን አንጠይቅም። ከዚያ ሁለት ወር ይከማችና ደንበኛው ራሱ አፍሮ ስልክ ማንሳት ይተዋል። ገንዘቡም ሄደ፣ ሰውየውም ሄደ።

መድኃኒቱ ጥያቄውን ልማድ ማድረግ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ብር ለመቀበል ደጅ መቆም ቀርቷል። በየወሩ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቃል አጭር መልእክት ላኩ። «ጤና ይስጥልኝ። የዚህ ወር ክፍያ እስከ 5 ቀን ነው። የወሩ የመጀመሪያ ጉብኝቴ ማክሰኞ ይሆናል። አመሰግናለሁ።» በቃ! ለሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን ማንም አይቀየምም። አክስታችሁም ብትሆን ከፈለጋችሁ ቅናሽ አድርጉላት፤ ቀኑን ግን አታንሱላት። በነፃ ልትሠሩላት ካሰባችሁም በነፃ መሆኑን ተነጋገሩ። ሰውን ከሰው የሚያጣላው «እንተሳሰባለን» የሚለው ነው።

ሁሉም እንቁላል በአንድ ቅርጫት?

አንድ ትልቅ ደንበኛ ሲገኝ ደስታው ያሰክራል። የቢሮ ጽዳት የሚሠራ አንድ ልጅ አውቃለሁ፤ አንድ ድርጅት የገቢውን አብዛኛውን ይከፍለው ነበርና ትንንሾቹን ደንበኞች «ጊዜ የለኝም» እያለ መለሳቸው። ድርጅቱ አንድ ቀን ቢሮ ቀየረ፤ አዲሱ ሕንፃ የራሱ ጽዳት ነበረው። ልጁ በአንድ ስልክ ከወለል በታች ወረደ። እንደ እኔ እንደ እኔ አንድ ደንበኛ ከወለላችሁ ሩቡን በላይ ሊይዝ አይገባም። 24,000 ከሆነ ከ6,000 በላይ በአንድ ሰው ላይ አይንጠልጠል።

ብትታመሙስ?

ብቻውን የሚሠራ ሰው መሥሪያ ቤቱ ገላው ነው። እኔ አንድ ጊዜ ታይፎይድ ያዘኝና 12 ቀን ተኛሁ። በእነዚያ ቀናት አንድም ደንበኛ ሳይጎበኝ አልቀረም። ምክንያቱም ከሌላ ጠጋኝ ጋር ቀድመን ተነጋግረናል። እሱ ሲታመም እኔ፣ እኔ ስታመም እሱ ይሄዳል፤ ለሄደበት ይከፈለዋል፤ የሌላውን ደንበኛ መንጠቅ ግን የለም። ይህን ቃል ያልጋ ቁራኛ ሆናችሁ አታገኙትም፤ በጤናችሁ ቀን ነው የምትገቡት። ከተተኪው ሌላ ደግሞ የአንድ ወር ወለል በሌላ ሂሳብ አስቀምጡ። ዘጠነኛውን ደንበኛ ከመያዛችሁ በፊት ይህ ይሙላ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አውጡና ባለፈው አንድ ዓመት ሁለቴና ከዚያ በላይ የጠሯችሁን ሰዎች ወረቀት ላይ ጻፉ። ከጎኑ ወለላችሁን ጻፉ። ለስንት ሰው ብታካፍሉት ይሸፈናል? ስምንትም ይሁን አምስት፣ ከዝርዝሩ ውስጥ በጣም የምትቀርቡትን አንዱን ነገ ጠዋት ደውሉለት። እሺ ቢል አንድ ስምንተኛ ደመወዝ አላችሁ። እምቢ ቢል ሁለተኛው ስም ከሥሩ ተጽፏል።