ሽርክና በቃል፣ ንብረት በአንድ ሰው ስም

ሁለት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው ሚኒባስ ይገዛሉ እንበል። ሊብሬው በአንደኛው ስም ይወጣል፤ ሌላው ገቢውን በየሳምንቱ ይካፈላል። "በእኛ መሀል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?" ተባብለው ውል አልጻፉም። እንዲህ ያለውን ሽርክና የሚያፈርሰው ጠብ ብቻ አይደለም። ባለ ሊብሬው ሲሞት ወራሾቹ "የአባታችን ንብረት ነው" ይላሉ፤ ዕዳ ካለበት ደግሞ ባለገንዘቡ መኪናውን ያሳግዳል። ሁለተኛው ሸሪክ ያኔ ምስክር ፍለጋ ይሯሯጣል።

ሕጉ እንዲህ ያለውን ጥምረት ያውቀዋል፤ የእሽሙር ማኅበር ይለዋል። በጽሑፍ መሆን ግድ የለበትም፣ አይመዘገብም፣ የራሱ የሕግ ሰውነትም የለውም። ውጭ ያለ ሰው የሚያውቀው ከእሱ ጋር የተዋዋለውን ሸሪክ ብቻ ነው፤ የሚጠይቀውም እሱኑ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ጀምሮት ሲሞት የአገሩ ልጅ አልፍሬድ ዦፍሬ የጨረሰው የ1952ቱ የንግድ ሕግ እሽሙርን ጨምሮ ስድስት ዓይነት የንግድ ማኅበራትን አስቀምጦ ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ቢያንስ ሁለት አባላት ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ብቻውን መሥራት የፈለገ ነጋዴ ሚስቱን ወይም ወንድሙን ለስም ያህል ያስገባ ነበር። እውነተኛው ሸሪክ ከወረቀት ውጭ፣ የስም ሸሪኩ ወረቀት ላይ! ከ60 ዓመት በላይ እንዲህ ተኖረ።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ባለ አንድ አባል ማኅበርን ፈቅዶ ያን ጣጣ አቃለለ። ተራ የሽርክና ማኅበርን ሰርዞ ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበርንም ለባለሙያዎች አመጣ። የዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች በዚህ መልክ የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ በር ከፈተላቸው። የአንዱ ጠበቃ ጥፋት የባልደረባውን ቤት እንዳያሸጥ ማለት ነው። በኅብረት የሽርክና ማኅበር ግን እያንዳንዱ ሸሪክ ለማኅበሩ ዕዳ በሙሉ በግል ንብረቱ ጭምር ይጠየቃል፤ ሸሪኮቹ በመካከላቸው ሌላ ቢስማሙም ባለገንዘቡን አያግደውም።

አዲሱ ሕግ ለተማሩትና ለተመዘገቡት ብዙ ሠርቷል። ባለ ሚኒባሶቹንና ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ገንዘብ ልኮ በወንድሙ ስም ሱቅ የሚያስከፍተውን ሰው ግን እዚያው እሽሙር ውስጥ ትቷቸዋል። ሕጉ አያስገድድም ተብሎ መጻፍ አይቀርም። ማን ስንት አዋጣ፣ ንብረቱ በማን ስም ነው፣ አንዱ ቢሞት ወይም ቢወጣ ድርሻው እንዴት ይከፈላል፤ ይህን ገንዘቡ ከመቀላቀሉ በፊት በወረቀት አስፍራችሁ በምስክር ፊት ፈርሙ።