በረኛው ነው ወይስ አጥሩ?

ሰሞኑን ሳሪስ አቦ አካባቢ ቡና ይዤ ተቀምጬ ሁለት ወጣቶች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንድ አሰልጣኝ ከሁለት የሰፈር ቡድኖች አንድ ታዳጊ በረኛ ሊመርጥ ነው። መለኪያው የገባባቸው ጎል ብዛት ነው። «ቁጥር አይዋሽም!» አለ አንደኛው።

ሕግ የተማረ ሰው ግን ቁጥርን እንደ ምስክር ያየዋል፤ መስቀለኛ ጥያቄ ሳይቀርብለት አያምነውም። እስቲ እንጠይቀው።

አንደኛው በረኛ ከፊቱ ጠንካራ ተከላካዮች አሉት እንበል። ሁለት ኳስ ብቻ፣ ያውም ከሩቅ፣ ተመታበትና ሁለቱንም ያዘ፤ መቶ በመቶ። ሌላው ስምንት ተመታበት፤ ስድስቱን አዳነ፣ ሁለቱ ገቡበት፤ 75 በመቶ። መዝገቡ የሚያወድሰው የመጀመሪያውን ነው። ከስምንቱ አምስቱ አጥቂና በረኛ ፊት ለፊት ተገናኝተው የተመቱ ቢሆኑስ? ጥሩ ተከላካይ የሙከራውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ክብደቱንም ይቀንሳል፤ አጥቂውን ወደ መስመር ይገፋዋል፣ ከሩቅ እንዲመታ ያስገድደዋል። በረኛ ባዳነው ኳስ መቶኛ በሚለካበት በበረዶ ሆኪም ክርክሩ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004/05 ቼልሲ በ38 የሊግ ጨዋታዎች 15 ጎል ብቻ ሲገባበት ፒተር ቼክ የወርቅ ጓንት ተሸለመ። ቼክ ድንቅ በረኛ ነበር። ነገር ግን ከፊቱ ቴሪ፣ ካርቫልሆና ማኬሌሌ ነበሩ። ሽልማቱ ጎል ሳይገባ ያለቁ ጨዋታዎችን ይቆጥራል እንጂ የእነሱን ድርሻ አይለይም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፈችን። ሁለቱንም ጎሎች ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቪክቶር ሞሰስ በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠራቸው። ሁለተኛው ሲመታ በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ ቅያሪም አልቆ፣ ጓንቱን ያጠለቀው አማካዩ አዲስ ህንጻ ነበር። ይህን ሁሉ «2 ለ 0» የሚለው ቁጥር አይናገርም።

እርግጥ ተከላካዮቹን እየጮኸ የሚያሰልፈው በረኛው ነውና የአጥሩ ጥንካሬ ከፊሉ የእሱ ነው። ምን ያህሉ? ዛሬ በትልልቅ ሊጎች እያንዳንዱ ምት ጎል የመሆን ዕድሉ ይሰላል። የተመታበት ሁሉ ተደምሮ ሦስት ጎል ይጠበቅ ከነበረና ሁለት ከገባበት፣ በረኛው አንድ ጎል አድኗል ይባላል።

የሳሪሱ አሰልጣኝ ኮምፒዩተር አያስፈልገውም። ስንት ተመታ፣ ከየት ተመታ ብሎ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ሁለቱንም ልጆች በየተራ ከአንድ ዓይነት ተከላካዮች ኋላ ያቁማቸው። ፍርዱን ከዚያ ይስጥ፤ ለአንድ ታዳጊ «አትሆንም» መባል ብዙ ጊዜ ይግባኝ የሌለው ውሳኔ ነውና።