ስለ ቅኔ ኅብርና ስለ እንግሊዞች የቃል እንቆቅልሽ አፈታት

ክሮስዎርድ የሚባለው፣ በሣጥን ውስጥ ፊደል የሚሞላበት የቃል ጨዋታ፣ መጀመሪያ የወጣው በ1913 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ያዘጋጀውም አርተር ዊን ነው። እንግሊዞች ግን ከወሰዱት በኋላ ጠባዩን ለወጡት። ኤድዋርድ ፖዊስ ማዘርስ «ቶርኬማዳ» በሚል የብዕር ስም ከ1926 ጀምሮ በኦብዘርቨር ጋዜጣ ያወጣቸው ጥያቄዎች ላይ ላዩን ተራ ነገር የሚናገሩ፣ በውስጣቸው ግን ሌላ ነገር የያዙ ነበሩ። ይህን የሰማ የሀገራችን ሰው «ይኸማ ሰምና ወርቅ ነው» ማለቱ አይቀርም። አባባሉ በከፊል እውነት ነው።

ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ያወጣል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጣል፤ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ስፍራ ወርቅ ይፈስበታል። በቅኔ ቤት ቋንቋ ጠበቅ አድርገን ስንናገር፣ ሰምና ወርቅ የሚባለው ምሳሌውና የሚመሰለው ነገር ሁለቱም ተጠርተው ሲገኙ ነው፤ አንድ ቃል ብቻውን ሁለት ትርጕም ሲሸከም ግን ኅብር ይባላል። ሕዝቡ ሁለቱንም ባንድ ስም ይጠራቸዋል። ለክሮስዎርድ የሚቀርበው ኅብር ስለ ሆነ እዚህ የምናገረው ስለ እርሱ ነው።

የታወቀ ቅኔ ቢጠቀስ አንባቢ ፍቺውን አስቀድሞ ስለሚያውቀው፣ ለዚህ ጽሑፍ ብዬ የሚከተለውን ገጥሜአለሁ።

ክረምቱን ሳልፈራ የዘራሁት ማሳ፣
አባይ በላው አሉ ዳር ዳሩን ሲያገሳ።

ሰሙ ግልጽ ነው፤ ወንዙ እየጮኸ ሞልቶ የገበሬውን እርሻ ወሰደበት። ወርቁን የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት «አባይ» የሚለውን ቃል ነው። ጠብቆ ሲነበብ ወንዙ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ውሸታም ሰው ነው። ነገር ግን አንድ ቃል ሁለት መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ሌሎቹ ቃላት ሊመሰክሩ ይገባል። «በላ» ይመሰክራል፤ የሰው ርስት በሐሰት የወሰደ ሰው በላ ይባላልና። «አገሳ» ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ይመሰክራል፤ ወንዝም አንበሳም ያገሳል፣ የጠገበ ሰውም ያገሳል። እንግዲህ ማሳውን የበላው በሐሰት የረታ ሰው ነው፤ ገበሬው ክረምቱን ሳይሆን ጐረቤቱን መፍራት ነበረበት። (ወንዙን በዓይኑ «ዓ»፣ ውሸታሙን በአልፋው «አ» የሚለዩ ጸሐፊዎች አሉ። ትጋታቸው የሚመሰገን ነው፤ ኅብር ሲጽፉ ግን ምሥጢሩን ራሳቸው ያወጡታል።)

አሁን በእንግሊዞቹ መንገድ አንድ ጥያቄ በአማርኛ እንሥራ፦ «የዱር ንጉሥ ከሜዳው ራስጌ ደረሰ፤ በደራ ይገኛል» (5 ፊደል)። ሲነበብ የአደን ወሬ ይመስላል። ፈቺው ግን ወሬውን ትቶ ዐረፍተ ነገሩን ይቈራርጠዋል። የዱር ንጉሥ «አንበሳ» ነው፤ የ«ሜዳ» ራስጌ የመጀመሪያው ፊደል «ሜ» ነው፤ ሁለቱ ሲገጠሙ «አንበሳሜ» ይሆናል፤ አንበሳሜም በደራ ያለች ከተማ ናት። «ዚሜኔስ» በሚል የብዕር ስም የታወቀው ማክነት በ1966 ስለዚህ ጥበብ ባሳተመው መጽሐፍ የሚያጸናው ሕግ ይህ ነው፤ በጥያቄው ውስጥ የመልሱ ትርጕምና ወደ መልሱ የሚያደርስ የቃል ሥራ ይኑር፣ ከዚህ ሌላ ትርፍ ነገር አይኑር።

ልዩነቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በጥያቄው ሰሙ ከተፈታ በኋላ ይጣላል፤ ስለ አደኑ ማንም አይጠይቅም። በኅብር ግን ሰሙ ከወርቁ ጋር ይኖራል፤ የወንዙ ጩኸት ባይሰማ የሰውየው ግሳት ቀልድ አይሆንም። ሌላው ልዩነት ከፊደላችን የመጣ ነው። እንግሊዞች ተነባቢውና አናባቢው የተለያየ ስለ ሆነ ፊደላቱን አደበላልቀው ሌላ ቃል ማውጣት ይቀላቸዋል። የእኛ ፊደል አናባቢውን ይዞ ስለሚሄድ ሰ ሲ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ማደባለቁ እምብዛም አያስኬድም። በምትኩ መጥበቅና መላላት በጽሕፈት አለመታየቱ እነርሱ የሌላቸውን ሀብት ሰጥቶናል፤ ገና በዓሉና ገና ያልደረሰው ባንድ ፊደል ይጻፋሉ።

ዶናልድ ሌቪን በ1965 ባወጣው መጽሐፍ ሰምና ወርቅን የአማራን ማኅበራዊ ኑሮና አነጋገር ለማስረዳት ተጠቅሞበታል። ሐሳቡ ብዙ የሚያስተምር ቢሆንም፣ የተሸፈነ ንግግርንና ኅብርን ባንድ ሚዛን መመዘን የሚገባ አይመስለኝም። የሚያታልል ሰው እንዳይፈታበት ይሸፍናል፤ ባለቅኔ ግን እንዲፈታለት ይሸፍናል። በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር ምሥጢሩን ማስረዳት ካልቻለ ቃላቱ ማማራቸው አያድነውም።

ክሮስዎርድ የሚፈታ ሰው መልሱ ልክ መሆኑን በፊደሉ ቍጥርና በሚያቋርጡት ቃላት ያረጋግጣል። ቅኔ እንዲህ ያለ ሣጥን የለውም፤ ሣጥኑ የተነገረበት ዕለት፣ ቦታና ሰው ነው። እነዚህ ሲረሱ ሰሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ሄደው ቅኔ የሚሰበስቡ ጓደኞቻችን ቃሉን ብቻ ገልብጠው እንዳይመለሱ፤ በየትኛው በዓል፣ በማን ፊት፣ ስለ ምን ነገር እንደ ተባለ፣ የትኛው ቃል እንደሚጠብቅና የትኛው እንደሚላላ ከተናጋሪው ጠይቀው ከሥሩ ይጻፉ።