ዳገት የሚወጣው ደም

ከለሚ ተነሥቶ መርሐቤቴ ወዳለችው ዓለም ከተማ የሚሄድ መንገደኛ የጀማን ወንዝ ሸለቆ ወርዶ መልሶ መውጣት ግድ ይለዋል። ያን ዳገት በእግሩ የሚወጣ የመርሐቤቴ ገበሬ በሰውነቱ ውስጥም ሌላ ዳገት አለበት፤ እስከ እግር ጣቱ የወረደው ደም ወደ ልብ ለመመለስ ከአንድ ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት። ልብ ደምን ገፍቶ ይሰዳል እንጂ ከታች ስቦ ለማውጣት አቅሙ ትንሽ ነው። ሥራውን በአብዛኛው የሚሸከመው ባት ነው።

በእግር ደም መልስ ሥሮች ውስጥ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ስስ ቫልቮች አሉ። ስንራመድ የባት ጡንቻ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ተጨምቆ ደሙን ሽቅብ ይገፋዋል፤ ሲላላ ቫልቮቹ ተዘግተው ቁልቁል እንዳይመለስ ያግዱታል። ቀጥ ብሎ በቆመ ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ በደም መልሱ ውስጥ ያለው ግፊት እስከ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ጥቂት እርምጃ ሲራመድ ከ30 በታች ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ፊት የሚቆም መምህር፣ ፀጉር ስትሠራ የምትውል ሴት ይህን እፎይታ አያገኙም። በዚያ ላይ እርግዝና፣ ውፍረት፣ ዕድሜና በዘር የሚወረስ ዝንባሌ ሲጨመርበት ሥሩ ይለጠጣል፤ ቫልቮቹ መግጠም ያቅታቸዋል። ያኔ ሥሩ ከቆዳ በታች ተገትሮ ይጠማዘዛል፣ ማታ ማታ እግር ያብጣል፤ ቸል ከተባለም ቁርጭምጭሚት አካባቢ ቆዳው ጠቁሮ ይቆስላል።

እግርን ጫን ብሎ የሚይዘው ኮምፕሬሽን ካልሲ የታሰበው ለዚህ ነው። ኮንራድ ጆብስት የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የእግሩ ሥር ታሞ ሲሠቃይ፣ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሲቆም ሕመሙ እንደሚቀልለው አስተዋለ። ውኃ በጠለቀ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራልና ቁርጭምጭሚትን ከጉልበት ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። ካልሲውንም በዚያው ልክ ሠራው፤ ከታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ ያለ። አፉ ላይ ብቻ በላስቲክ የሚያንቅ ተራ ካልሲ ሥራው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ደሙን ከታች ያግተዋል። ስለዚህ እግር ሳይለካ መግዛት ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም፣ ጉዳትም አለው። ለቀላል ድካም ከ15 እስከ 20፣ ሥሩ ለተገተረበት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚጫን ይታዘዛል። የሚጠለቀው ጠዋት፣ እግር ገና ሳያብጥ ነው፤ ማታ ይወልቃል። ደም ቅዳ ሥሩ የጠበበበት ወይም በስኳር በሽታ እግሩ የደነዘዘ ሰው ግን ሐኪም ሳያየው ፈጽሞ ማድረግ የለበትም።

በእኛ ደጋ አገር ያበጠ እግር ሁሉ የደም ሥር ሕመም አይደለም። በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ የሊምፍ ሥሮችን ጎድቶ ዝሆኔ ያመጣል፤ የዘር ወይም የእርግማን ነው እየተባለ የሚገለሉ ሕሙማን ብዙ ናቸው፤ ይህ ያሳዝነኛል። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እግርን በየቀኑ መታጠብ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ድንገት የሚነሣውን ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። እዚህም እግርን ጫን አድርጎ መያዝ ያግዛል፤ ንጽሕናና ጫማ ግን ይቀድማሉ።

ስለ ምግብ ብዙ ይወራል። የተበላሸ ቫልቭ የሚጠግን ምግብ የለም። ዩጋንዳ ውስጥ የሠራው ሐኪም ዴኒስ በርኪት በ1972 እ.ኤ.አ. አሰር ያነሰው ምግብ የሆድ ድርቀት እያመጣ በማማጥ የእግር ሥሮችን ያስጨንቃል ሲል ጽፏል። ሐሳቡ እስካሁን በጽኑ ማስረጃ አልጸናም፤ ያም ሆኖ የመንዝ ገብስ ቆሎና በሶ፣ ባቄላ፣ ምስርና ጎመን ሆድን ያለሰልሳሉ፣ ክብደትንም ለመግታት ያግዛሉ። ጨው ውኃን በሰውነት ያስቀራልና የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል።

ቆሞ ለሚሠራ ሰው ከካልሲውም በፊት የሚጠቅመው በየግማሽ ሰዓቱ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ማታም እግርን ከልብ በላይ አድርጎ ማሳረፍ ነው። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ግን በጥልቁ ሥር ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል ማሸት አይገባም፤ ዓለም ከተማ ያለ ሰው በዚያው ሰዓት ወደ እናት ሆስፒታል ይሂድ።