«ሒሳብ አይደለም፤ ኑሮ ነው»

አንባቢ ሆይ! ማታ ራት ተበልቶ ገበታው ከተነሣ በኋላ ልጅዎ ደብተሩን ይዞ መጥቶ «አባባ፣ ይህን ክፍልፋይ አሳየኝ» ቢልዎ ምን ያደርጋሉ? ተቀብለው ያዩለታልን? ወይስ «እኅትህን ጠይቅ፤ እኔ ደክሞኛል» ብለው ፊትዎን ያዞራሉ? ይህን የምጠይቅዎ ለመውቀስ አይደለም። ብዙ ታታሪና አስተዋይ ወላጆች ቁጥርን እንደ አውሬ ሲሸሹ ይኖራሉ፤ ሽሽታቸውንም ሳያውቁት ለልጆቻቸው ያወርሳሉ።

ባለፈው ዓመት ካርድ በሚሰጥበት ቀን አንድ አባት ወደ እኔ መጡ። በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። የዘጠነኛ ክፍል ልጃቸው በሒሳብ ከ100 ያገኘችው 38 ነበር። «መምህር፣ አይድከሙ» አሉኝ፤ «ከእኔ ወርሳው ነው። በዘራችን ሒሳብ የሚባል የለም። የአራተኛ ክፍሉ ወንድሟም ጀምሮታል።»

ነገሩ ከዘር የመጣ አልነበረም። አባትየው የ10 ዓመት ልጅ ሳሉ 7 ጊዜ 8 ስንት እንደሆነ ተጠይቀው ሰሌዳው ፊት ቆሙ። መልሱ ጠፋባቸው፤ ክፍሉ ሳቀ፤ አለንጋም ተጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ሲያዩ እጃቸውን ያልባቸዋል። የመስክ ሥራ ወጥተው ሲመለሱ እንኳ የውሎ አበል ቅጻቸውን የሚያስሞሉት በጓደኛ ነው።

«ዕቁብ ይጥላሉን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«12 ሰዎች ነን፤ በወር 500 ብር እንጥላለን።»

«ዕጣ የወጣለት ሰው ስንት ይቀበላል?»

«6,000 ብር ነዋ!» አሉ ሳያመነቱ።

«ታዲያ ይህ ሒሳብ አይደለምን?»

«ይህማ ሒሳብ አይደለም፤ ኑሮ ነው» አሉና ራሳቸው ሳቁ።

እንግዲህ ችግሩ ከዕውቀት ማነስ ብቻ የሚመጣ አይደለም ማለት ነው። የሰው አእምሮ ሲያሰላ ቁጥሮችን ለጊዜው የሚይዝበት ትንሽ ሰሌዳ አለው ብለን እናስብ። ሥጋት ሲገባ በዚያው ሰሌዳ ላይ «ልሳሳት ነው፤ ሊሳቅብኝ ነው» ብሎ ይጽፍበታል፤ ለቁጥሩ የሚቀረው ቦታም ይጠባል። በአሜሪካ አሽክራፍትና ኪርክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ባወጡት ጥናት ይህን አሳይተዋል። ሒሳብ የሚፈሩ ሰዎች ብዙ ፊደላትን በልባቸው ይዘው «አንድ በእጄ» የሚባልበትን ድምር ሲደምሩ፣ ከማይፈሩት ይልቅ አብዝተው ተሳስተዋል።

ወላጅን በይበልጥ የሚመለከተው ግን በ2015 የወጣው የሌሎች ተመራማሪዎች ጥናት ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ተከታትለው እንደ ደረሱበት፣ ሒሳብ የሚፈሩ ወላጆች የቤት ሥራውን አዘውትረው ሲያግዙ ልጆቻቸው በዓመቱ ውስጥ የተማሩት ሒሳብ አነሰ፤ ፍርሃታቸውም ጨመረ። የሚፈሩት ወላጆች እምብዛም ባላገዙባቸው ልጆች ላይ ግን ይህ አልታየም። ለካስ ልጅ ከቁጥሩ ይልቅ የወላጁን ፊት ያነባል!

ታዲያ ወላጅ ልጁን ይተወው ማለት ነውን? አይደለም፤ አስተጋገዙን ይለውጥ ማለት ነው። በመጀመሪያ «በዘራችን የለም» የሚለው ቃል ከቤት ይውጣ፤ ልጅ ይህን ሲሰማ ለመሞከር ምክንያት ያጣልና። ሁለተኛ፣ ወላጅ አስተማሪ መሆኑ ቀርቶ ተማሪ ይሁን፤ «እስቲ ለእኔ አስረዳኝ» ይበል። የሚያስረዳ ልጅ የራሱን ስሕተት ራሱ ያገኛል። ሦስተኛ፣ ቁጥር ከደብተር ወጥቶ ወደ ቤት ይግባ። እንግዶቹ 6 ከሆኑ አቦል፣ ቶናና በረካ ሲቀዳ ስንት ስኒ ይሆናል? ልጁ 18 ሲል ፈተና መፈተኑን እንኳ አያውቅም። በመጨረሻም ንዴት ሲመጣ ደብተሩ ለ10 ደቂቃ ይታጠፍ። በጩኸት የገባ የማባዣ ሰንጠረዥ ፍርሃትንም አብሮ ያስገባል።

አባትየው ይህን ሰምተው ሄዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሹን ልጅ ገበያ ይዘው መሄድ ጀመሩ። አንድ ቀን 3 ኪሎ ሽንኩርት ኪሎውን በ80 ብር ገዝተው 500 ብር ሰጡና «መልሳችን 250 ነው» ቢሉ፣ ልጁ «የለም አባባ፣ 260 ነው» አላቸው። ድሮ ቢሆን ይቆጡ ነበር፤ ያን ዕለት ግን «እንዴት አገኘኸው?» ብለው ጠየቁት። ልጁም እስከ ቤት ድረስ ሲያስረዳቸው ሄደ። ታላቅ እኅቱ ዘንድሮ በመንፈቀ ዓመቱ 52 አግኝታለች። ተአምር አይደለም፤ ነገር ግን ዓምና አንገቷን ደፍታ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ዛሬ እጇን አውጥታ «አልገባኝም» ትላለች። ለአስተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አባትየውም የውሎ አበል ቅጻቸውን ራሳቸው ሞልተው፣ ሁለት ጊዜ አጣርተው ማስገባታቸውን በኩራት ነግረውኛል።

አንባቢ ሆይ! እርስዎ ዛሬ ተማሪ ወይም አዲስ ተቀጣሪ ቢሆኑም፣ ነገ ወላጅ ይሆናሉ፤ ዛሬም ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ይኖርዎ ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ያውቁታል፤ እርሱም ቢሆን ማካፈል ነው። የቁጥርን ፍርሃት ለብቻ ደብቆ መያዝ ሸክም ነው፤ ከልጅ ጋራ ቁጭ ብሎ «አብረን እንየው» ማለት ግን ሸክሙን ያቀልለዋል። ዛሬ ማታ ደብተሩ ሲመጣ ፊትዎን አያዙሩ።