ዓይን አፋር ቡችላን ከእንግዳ ሰው ጋር እንዴት ማላመድ ይቻላል?

ቡችላ እንግዳ ሰው ሲያይ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ሸጉጦ የሚደበቅ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ፈርቷል ማለት ነው። ብዙ ቤተሰቦች «ሲያድግ ይተወዋል» ብለው ያልፉታል። ሆኖም ፍርሃቱ ሳይለቀው ያደገ ውሻ መሸሻ ሲያጣ ሊናከስ ይችላል።

ቡችላ ከሰው ጋር በቀላሉ የሚላመደው በተለይ ከ3 እስከ 14 ሳምንት ባለው ዕድሜው ነው። ስለሆነም ለቤት ጥበቃ የታሰበ ቢሆንም እንኳ በዚህ ዕድሜው ቀኑን ሙሉ ታስሮ፣ ከቤተሰቡ በቀር ሌላ ሰው ሳያይ ማደግ የለበትም።

ለማላመድ የሚከተሉትን ይፈጽሙ፦

• እንግዳው ራቅ ብሎ እንዲቀመጥና ቡችላውን ትኩር ብሎ እንዳያየው ያድርጉ።
• ቡችላው በራሱ ፈቃድ እስኪቀርብ ይጠብቁ፤ አይጎትቱት፣ ለእንግዳም አያስታቅፉት።
• ሲቀርብ ከሚወደው ምግብ ጥቂት ይስጡት፤ የሚሸሽበትን ቦታ አይዝጉበት።
• ቢያጉረመርም አይምቱት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዱላ እንዲተወው የተደረገ ውሻ ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል።
• ሕፃናትን አዋቂ በሌለበት ከቡችላው ጋር አይተዉ።

ፍርሃቱ ካልቀነሰ የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ። ቡችላው 3 ወር ሲሞላውም በአቅራቢያዎ በሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ያስከትቡት።

ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ገዳይ ነው፤ በጊዜ በሚሰጥ ክትባት ግን መከላከል ይቻላል።